ሰው የማይሳፈርባቸው ጀልባዎችና የእኛ ክረምት

አቦሉ የሰላምታ ነው፤ የጤናው፣ የልጆቹና የከብቱ ጥያቄ ይዞት ይሄዳል። ጨዋታ የሚያምረው በቶና ነው። እስቲ ስኒህን ወዲህ በል፣ ወዳጄ። ቆሎውንም አቅርበው። ዛሬ ስለ ባሕር ነው የምናወራው።

ምነው ሳቅህ? መካነ ኢየሱስ ላይ ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ ማውራት አስቆህ ነው? እውነትህን ነው። በላይ በኩል ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ተነሥቶ ቆሟል፣ በታች በኩል የአባይ ሸለቆ አለ፤ ጨው ጨው የሚል ውሃ እስክታገኝ ስንት ቆላና ስንት ደጋ ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ። የእኛ አገር ሰው ከውሃ ጋር ያለው ጉዳይ መሻገር ነው፤ መንሳፈፍ አይደለም። ሰባራ ድልድይን አስበው። በፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባለው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ተቆርጦ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከዚህ ማዶ ጎጃም የሚሻገር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ገደል ለገደል እየተሳበ ነበር የሚያልፈው። አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 የዚህን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ እንቅልፍ አጣ፤ በየአገሩ ለእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ያቋቋመውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። አየህ፣ በገመድ መሳባችን ለዓለም ድልድይ ሆነ። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሐምሌ ላይ ጉናን የሚያለብሰው ጉም ከየት ይመጣል? «ከእግዚአብሔር» ካልከኝ አልከራከርህም፤ እኔም የምለው ከዚያው ነው። በየት በኩል እንደሚልከው መጠየቅ ግን ነውር የለበትም። የክረምታችን እርጥበት ከፊሉ ከሕንድ ውቅያኖስ ይነሣል፤ ከፊሉ ከአትላንቲክና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ ይመጣል። ባሕር የለንም እያልን እናዝናለን እንጂ ባሕሩስ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ራሱ መጥቶ ቆርቆሯችንን ይመታል። ጉና ተቀብሎት ለጉማራና ለርብ ይሰጣል፤ እነሱ ለጣና፣ ጣና ለአባይ፣ አባይም መልሶ ለባሕር። ዕዳውን እንዲህ በደንብ የሚከፍል ሰው ባገኝ አበድረው ነበር።

ግን የዝናባችን ቁልፍ ከሁሉ የሚርቀው ውቅያኖስ ዘንድ ነው ብልህስ? ፓስፊክ ዘንድ። በአሜሪካና በእስያ መካከል ያለው፣ በካርታ ላይ ዓይን የሚያደክመው ሰማያዊ። እዚያ በወትሮው ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየነፈሰ፣ ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ይገፋዋል። አውድማ ላይ በመንሽ ስታነሣው ገለባው ነፋሱ በሄደበት ወገን ይከመር የለ? የሞቀው ውሃም እንዲሁ በምዕራብ በኩል ይከመራል። ነፋሱ በደከመ ዓመት ግን ክምሩ ይናዳል፤ ሙቀቱም ወደ መሀልና ወደ ደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ይመለሳል። ኤልኒኖ የሚሉት ይህን ነው። ሙቀቱ ቦታ በለወጠ ቁጥር አየሩ የሚወጣበትና የሚወርድበት ስፍራም አብሮ ይለወጣል፤ በዚህ የተነሣ ወደ እኛ እርጥበት የሚያመጣው የነፋስ ሥርዓት ይላላል። እዚያ ውሃ ስለሞቀ እዚህ ስማዳ ቆላ ላይ ማሽላ ሳያፈራ ይቀራል።

የ2007ን ክረምት አትረሳውም። ከተመዘገቡት ኤልኒኖዎች ብርቱ ከሚባሉት አንዱ የተነሣበት ዓመት ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የወረደውን መዓትም ሊቃውንቱ ከብቱን ከፈጀው ከደስታ በሽታ ሌላ ከኤልኒኖ ጋር ያያይዙታል። ያን ጊዜ ማን ይንገራቸው? ፓስፊክ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ገበሬ አልነበረም። ዝናቡ ሲቀር ነው የቀረ መሆኑ የታወቀው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ ለመመጠን ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ፓስፊክን ማን ይጠብቀዋል? እረኛ አይቆምበት። እ.ኤ.አ. በ1982 የተነሣው ትልቅ ኤልኒኖ ሊቃውንቱን ሳይታወቃቸው ነው የደረሰባቸው፤ በደንብ የገባቸው ከተጋመሰ በኋላ ነው። አፍረው ይመስለኛል፣ አሜሪካኖቹ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆነው በምድር ወገብ መስመር ላይ ወደ 70 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መለኪያዎችን በመልሕቅ እያሰሩ ተከሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 ተሟላ። የውሃውን ሙቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫ እየለኩ በሳተላይት ይልካሉ። ጎበዞች ናቸው። ግን ባሕር ላይ የታሰረ ነገር በየጊዜው የሚጎበኘው ይፈልጋል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ይለጠፍበታል፤ ዓሣ አጥማጅ ይነካካዋል፤ ጨው ይበላዋል። ለዚህ ሥራ የተመደበች አንዲት መርከብ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጪ ለመቆጠብ ጡረታ አወጧት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከመለኪያዎቹ የሚመጣው መረጃ ወደ 40 በመቶ ወረደ። ዕቃውን ተክሎ ለጥገናው በጀት መንፈግ የእኛ ሰፈር ጸባይ ብቻ ይመስልሃል? አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ነው።

ጀልባዎቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ስኒህ ጎደለች፣ ልጨምርልህ።

ሪቻርድ ጄንኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ አለ። ይህ ሰው የነፋስ ነገር አሳብዶት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ውሃው በደረቀ ሐይቅ ላይ ሞተር በሌለው ተሽከርካሪ፣ በነፋስ ብቻ፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ነፋስ መውጫ ያደገ ሰው ይህን ብታጫውተው ላይደነቅ ይችላል፤ ባርኔጣውን ስንት ጊዜ አሯሩጦታል! ጄንኪንስ ግን ያንኑ ክንፍ አነሣና ጀልባ ላይ ተከለው። ሴይልድሮን ተባለች። ሸራዋ ጨርቅ አይደለም፤ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የጠነከረና ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የብዙዎቹ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ነው፤ ክንፋቸው ከውሃው 5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ነፋሱ ይገፋታል፤ መለኪያዎቿና ሬድዮዋ ደግሞ ከፀሐይ የሰበሰበችውን ኃይል ይጠቀማሉ። ነዳጅ የለ፣ ካፒቴን የለ፣ ወጥ ቤት የለ። የምትሄድበትን ነጥብ ከየብስ ይነግሯታል፤ መንገዱን ግን ራሷ ታበጀዋለች። እንዲህ ሆና ወራት ትቆያለች።

ፍጥነቷስ? ብዙ አትጠብቅ። ከእግረኛ ብዙም አትበልጥም። ግን አትተኛም፣ አትራብም፣ ለበዓል ቤቴ ልግባ አትልም። በ2019 እ.ኤ.አ. ሦስት እህትማማቾች ከኒውዝላንድ ደቡብ ጫፍ ተነሡ፤ የደቡብ ዋልታን የበረዶ ምድር በባሕር ሊዞሩት። ያ ባሕር የመርከበኛ መቅሰፍት ነው። ሁለቱ ተጎድተው ተመለሱ። አንደኛዋ ግን በ196 ቀን ወደ 22 ሺህ ኪሎ ሜትር ዞራ ከተነሣችበት ገባች። በመንገዷ ላይ ውቅያኖሱ ከአየር ምን ያህል ካርቦን እንደሚውጥና እንደሚተፋ ስትለካ ነበር፤ በክረምት እዚያ ሄዶ የሚለካ ሰው ከየት ይመጣል?

ሌላዋን ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ሳም የሚሉት አውሎ ነፋስ ሆድ ውስጥ ሰደዷት። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሁሉ ይሸሻል፤ እሷን «ግቢ» አሏት። ገባች። ማዕበሉ 15 ሜትር ያህል ይነሣ ነበር፤ እሷ ግን ስትገለበጥ ስትነሣ ቪዲዮ እየቀረጸች፣ ነፋሱን እየለካች ወጣች። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ ወንበሬን ይዤ ነው ያየሁት።

ከዚህ ለየት ያለች ደግሞ አለች፤ ዌቭ ግላይደር ይሏታል። እሷን የሚያስኬዳት ማዕበሉ ነው። እንዴት? ሁለት ክፍል ናት። ላይኛው ክፍሏ ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጀርባው የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ተሸክሟል። ታችኛው ክፍሏ ብዙ ክንፎች አሉት፤ ጥቂት ሜትር ወርዶ በጠንካራ ገመድ ከላይኛው ጋር ተያይዟል። ማዕበል ላይኛውን ሲያነሣው ታችኛው ይሳባል፤ ክንፎቹ ይጋደላሉ፣ ወደ ፊት ይቀዝፋሉ። ማዕበሉ ሲወርድ ክንፎቹ በሌላ ወገን ይጋደሉና አሁንም ወደ ፊት። መውጣቱም መውረዱም ለጉዞ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ የታሰበችው ሃዋይ ላይ የዓሣ ነባሪዎችን ዜማ እንድታደምጥ ነበር። ሰው ሲጠግብ ምን አይሠራም ልትል ትችላለህ፤ ግን ፓፓ ማው የሚሏት የዚሁ ዘር ጀልባ ኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ ወጥታ፣ ዓመት ሞልቷት አውስትራሊያ ደረሰች። ከ16 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሄደችው። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ እነዚህም ማደሪያ የላቸው፣ መለኪያ ይዘው ይዞራሉ።

ሁሉም ይሳካላቸዋል ማለቴ እንዳይመስልህ። ሜይፍላወር የተባለችው፣ ለፀሐይዋ ነዳጅ ቀላቅላ የምትሄደው ሰው አልባ መርከብ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ልትሻገር ወጥታ በጥቂት ቀን ውስጥ ተበላሽታ ተመለሰች። በዓመቱ እንደገና ሞከረች፤ በመንገዷ ሁለቴ እክል ገጥሟት አሜሪካ ልሄድ ያለችው ካናዳ ገባች። ለምጥ የተጠራችው ሐኪም ለሠርጉ ደረሰች አልልም፤ ተሻግራለችና። የጠገናት ግን ያው ሰው ነው።

ከማዕበል ሌላ ሰውም አለባቸው። እኛው አጠገብ፣ ቀይ ባሕር ላይ፣ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. የኢራን ባሕር ኃይል ሁለት ሴይልድሮኖችን ከውሃው ጎትቶ መርከቡ ላይ ጫናቸው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የላካቸው ነበሩ። «መንገድ ላይ ተጥለው አገኘናቸው፣ ለመርከብ አደጋ ናቸው» አሉ ኢራኖቹ። አሜሪካኖቹ መጡ፤ ጥቂት ተፋጠጡ፤ በማግሥቱ ተለቀቁ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መለኪያ የምትሸከም ጀልባ ካሜራም ትሸከማለች፤ የሙቀት ሰላይዋ የጦር ሰላይ ትሆናለች። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

«እሺ፣ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ምን አለን?» ልትለኝ ነው። ቆይ ታዲያ፤ ጣናስ?

ከጉና ሥር በሚወርደው ውሃ ዳር የሚበቅለውን ደንገል ታውቀዋለህ፤ ወይጦዎቹ ታንኳ የሚሠሩበትን። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ሐሳብ ይዞት መጣ፤ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር የሚል። ደንገል ከየት ያምጣ? ግብፅ ላይ ጠፍቷል። ጣና ላይ ግን ሞልቷል። 12 ቶን ያህል የጣና ደንገል ታጭዶ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ፤ በስዊዝ አድርጎ ፒራሚዶቹ ሥር ደረሰ። ጀልባዋን የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጥበበኞች ናቸው። ራ ተባለች። ግንቦት 1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነሥታ ወደ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ፣ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጅራቷ ስለሰመጠ መርከበኞቹ ተዉአት። ሰውዬው ግን ግትር ነበር። በዓመቱ ራ ሁለትን አሠራ፤ በዚህኛው ጊዜ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች እጅ። እሷ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። አሁን ኦስሎ ቤተ መዘክር ውስጥ ናት። ልጁ ኖርዌይ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሄዶ ይያት፤ የአገሩ ሣር ናት።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ከውሃው ጋር እኩል ተቀምጠው ሲጓዙ መርከበኞቹ አንድ ነገር አዩ፤ ጥቁር የዘይት እንክብል በባሕሩ ላይ ይንሳፈፋል። ከትልቅ መርከብ ላይ ሆኖ አይታይም። በራ ሁለት ጉዞ ከ57ቱ ቀን በ43ቱ አይተውታል፤ በየቀኑ እየመዘገቡ ለተባበሩት መንግሥታት አቀረቡ። ያን ጊዜ ውቅያኖስ ቆሸሸ የሚል ብዙም አልነበረም። እንግዲህ ተመልከት፦ በነፋስ የምትሄድ፣ ሞተር የሌላት፣ ከውሃው ገጽ መረጃ የምትሰበስብ ጀልባ። ካፒቴኑን አውርደህ በቦታው መለኪያ ብትተክል ሴይልድሮን ማለት እሷ አይደለችም? ጣና ቀድሞ ልኳል እልሃለሁ። የባሕር ዳር ሰው ቢኮራበት አልቀናም፤ ደንገሉ የበቀለበት ደለልና ውሃ ከእኛ ነው የሄደው።

ባሕር ዳር ካልንስ፣ ዩኒቨርሲቲው የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥንበት ተቋም አለው። ባሕር በሌለበት አገር መርከበኛ! ከደጋ የወጡ ልጆች ዛሬ በዓለም ባሕር ላይ ሞተር ይጠብቃሉ። መርከቡ ሁሉ ሰው አልባ ሲሆን ምን ይበላሉ ብለህ ትሰጋ ይሆናል። እኔ ብዙ አልሰጋም። እነዚህ ትንንሾቹ የሚሄዱት ማንም ደመወዝ ተከፍሎት ወደማይሄድበት ነው፤ ስንዴና ሲሚንቶ የሚጭነው መርከብ ገና ብዙ ዘመን መሐንዲስ ይፈልጋል።

ወደ ዝናባችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ሴይልድሮኖች ከካሊፎርኒያ ወጥተው ወደ ፓስፊክ ምድር ወገብ ወረዱ፤ እነዚያ በመልሕቅ የታሰሩት መለኪያዎች ወዳሉበት። ሥራቸው የታሰሩት የሚሉትንና ራሳቸው የሚለኩትን ማስተያየት፣ የታሰሩት በማይደርሱበትም መዞር ነበር። ከዚያ ወዲህም ተመላልሰዋል። የለኩት ወደ ሳተላይት ይወጣል፤ ከሳተላይት ወደ ትልልቆቹ የትንበያ ማዕከላት ይወርዳል፤ ከዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያዎች ክረምት ሳይገባ ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይደርሳል። የኛዎቹ ለረጅም ጊዜ የሠሩበትን ዘዴ እወደዋለሁ፦ የዘንድሮውን ፓስፊክ ይመለከቱና ካለፉት ዓመታት የትኛውን ይመስላል ብለው ይፈልጋሉ፤ ያ ዓመት ክረምቱ እንዴት ነበር ብለው ይጠይቃሉ። አባቶቻችን ዘመኑ የማን ነው፣ የማቴዎስ ነው የማርቆስ፣ ባለፈው በዚህ ወንጌላዊ ዘመን ምን ሆነን ነበር የሚሉትን አይመስልም? መዝገቡ ይለያል እንጂ ጠባዩ አንድ ነው።

እዚህ ድረስ ወሬው ያለ እግረኛ ይመጣል። ፓስፊክ መሀል ያለው ሙቀት አዲስ አበባ ድረስ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ነው ጉዞው የሚከብደው። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ በደብዳቤና በስብሰባ ይወርዳል፤ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ደግሞ በልማት ሠራተኛው እግር። አሥራ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻዋን የምትቀዝፍ ጀልባ ተሠርታ፣ ከስማዳዋ ወገዳ ወደ ቆላ የሚያደርሰው የመጨረሻው መንገድ ዛሬም የአንድ ወጣት ጫማ ነው። ለጫማው ማን በጀት ይይዝለታል?

ከደረሰም በኋላ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ስማዳ ቆላ አንድ ዘመዴ ቤት ሄጄ ሳለ የልማት ሠራተኛው መጣ። ልጅ ነው፤ ትሑት ነው። ወረቀቱን አውጥቶ «አባቴ፣ የዘንድሮው ክረምት ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከመቶ ይህን ያህል፣ መደበኛ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል፣ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» አላቸው። ዘመዴ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው አደመጡት።

«ይዘንባል ነው የምትለኝ፣ አይዘንብም?»

«እንዲህ ቁርጥ ተደርጎ አይነገርም፣ አባቴ። ያነሰ የመሆን ዕድሉ ያመዝናል ነው።»

«ይሄንንማ ፈረንጅ ባሕር ሳይወርድም አውቀዋለሁ፤ ወይ ይዘንባል፣ ወይ አይዘንብም።»

ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ትንሽ ዝም ብለው ሚስታቸውን ጠሩና የማሽላውን ዘር ግማሽ ብቻ እንዲያወጡ ነገሯቸው፤ በቀረው መሬት ዝናቡ ዘግይቶ ቢመጣም ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ሊዘሩበት። ልጁን ወረቀቱን ትቶላቸው እንዲሄድ ጠየቁት፤ የልጅ ልጃቸው ያነብላቸው ዘንድ።